የሹካዎቹ ክብደት

ቻቻ መህርዲን ሻይ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ የሚያነሡት ብርጭቆውን ሳይሆን ማንኪያውን ነው። አንገቱን በሁለት ጣታቸው ይይዙና በሌላው እጃቸው ጥፍር አንዴ ነካ አድርገው ወደ ጆሯቸው ያስጠጉታል። ድምፁ እስኪጠፋ አይናገሩም። ከዚያ «ቆርቆሮ» ይላሉ፣ ቅር ሳይላቸው፣ ስኳራቸውንም ያማስላሉ። እኛ ቤት ማንኪያው ሁልጊዜ ቆርቆሮ ነው። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። ቢሆንም አንድ ቀን እንኳ ሳያዳምጡ ሻይ ሲጠጡ አላየሁም።

ሲያልኮት የጦር ሰፈር ውስጥ፣ ከመኮንኖች ክበብ ጀርባ፣ ሠራተኞቹ የሚኖሩበት አንድ ረድፍ የጡብ ቤት አለ። አባቴ የሬጅመንቱ ልብስ ሰፊ ነው፤ የመጀመሪያው ቤት የኛ ነው። ሦስተኛው ሁላችንም ቻቻ፣ አጎት፣ የምንላቸው የመህርዲን ነው። የመጨረሻው፣ ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ያለው፣ የባርካት ማሲህ ነው። ባርካት ክርስቲያን ስለሆነ በክበቡ ወጥ ቤት የሚጠጣበት ኩባያ ለብቻው ሚስማር ላይ ይሰቀላል።

ቻቻ መህርዲን ሠላሳ አራት ዓመት የክበቡ የብር ዕቃ፣ የሹካና የማንኪያው፣ ጠባቂ ነበሩ። የሣጥኑ ቁልፍ ከአንገታቸው አይወርድም፤ ሲታጠቡም በጥርሳቸው ይይዙታል ይባላል። ብሩ ከሬጅመንቱ ጋር የኖረ ነው። አገሩ ከሕንድ ተለይቶ ለሁለት ሲከፈል ሬጅመንቱም ተከፈለ፣ ብሩም ተከፈለ። ሁለት መኮንኖች ዕጣ እየጣሉ አንዱን ሣጥን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አደረጉት። የዓሣ ሹካው ለኛ ወጣ፣ የዓሣ ቢላዋው ድንበር ተሻገረ። ዛሬም ዓሣ ሲቀርብ መኮንኖቹ በሹካና በዳቦ ቁራጭ ይበላሉ፤ እንግዳ ሲጠይቅ «ቢላዋው ሕንድ ነው» ይሉታል።

ዋናው ግን ሰባ ሁለቱ የእራት ሹካ ነው። እጀታው ላይ የሬጅመንቱ ዓርማ ተቀርጿል፤ ሁለት የተጋጠሙ ጦሮች፣ ከላያቸው ጠምዛዛ ቀንድ ያለው ጢማም ፍየል።

መጠራጠር የሥራቸው አንዱ ክፍል ነበር። ከሌላ ሬጅመንት የሚጋበዙ መኮንኖች ከክበቡ አንድ ነገር ደብቀው መሄድን እንደ ጀግንነት ያዩታል። ልማድ ነው፣ ማንም ሌብነት አይለውም፤ የኛዎቹም እዚያ ሲሄዱ ያደርጉታል። ስለዚህ እራት ሲያልቅ ቻቻ መህርዲን ባዶ ትሪ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። እንግዶቹ እየሳቁ ከእጅጌያቸው፣ ከባርኔጣቸው ውስጥ ያወጡና ትሪው ላይ ያስቀምጣሉ። አንድ ጊዜ አንድ ወፍራም የመድፈኛ ሻለቃ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመላቸው።

«ባባ፣ እኔ ምንም የለኝም።»

«አውቃለሁ ሳሂብ። ግራ ቡትዎ ውስጥ ያለው ግን እንዳይወጋዎት ብዬ ነው።»

እንዲህ እያሉ ዓመታት ሲያልፉ ሰው ሁሉ በዓይናቸው ኪስ ብቻ ሆነ። ፖስተኛውም ኪስ፣ ኢማሙም ኪስ። ሚስታቸው ኻላ ሱግራን ሳትሞት ለእናቴ «በሠርጋችን ቀን አባቴ የሰጠኝን አምባር አንኳኩቶ አዳመጠው» ትል ነበር። «ከዚያ እኔን አየኝ። እኔን ግን ማንኳኳት አፈረ።»

እኔ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት በነበረው የብርድ ወር ሻምበል ታይሙር የክበቡ ኃላፊ ሆኖ መጣ። ወጣት ነው፣ ሁሉን ነገር በወረቀት የሚፈልግ። ከሱ በፊት የነበሩት ሁሉ ብሩን ቆጥረው ይፈርሙ ነበር። እሱ ከወጥ ቤት ሚዛን አስመጣ። ከእንግሊዞች ዘመን የቀረውን መዝገብም ከአቧራ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ቁጥሩ ልክ ነው» አለ። «ሰባ ሁለት።»

«ሁልጊዜ ልክ ነው ሳሂብ።»

«መዝገቡ ግን አንዱ ደርዘን ሰባ ስምንት ቶላ ይመዝናል ይላል። ይሄ ሰባ ሦስት ነው። ያኛውም ሰባ ሦስት። ስድስቱም ደርዘን።»

«ሚዛኑ የሽንኩርት ሚዛን ነው ሳሂብ።»

«በመድኃኒት ቤቱ ሚዛንም መዝኛለሁ፣ ባባ።»

ሻምበሉ የደረሰበት ሐሳብ ግልጽ ነበር። ሲያልኮት ውስጥ በሳምንት አስመስለው የማይሠሩት የብረት ዕቃ የለም። አንድ ሰው እውነተኛውን ሹካ አንድ በአንድ እያወጣ በቦታው ቀለል ያለ አስመሳይ ይተካል። የፍየሉ ጢም እንኳ በደንብ አልወጣም፤ ይህ የሰነፍ ቀራጭ ሥራ ነው።

«ብሩን የሚነኩት ሁለት ሰዎች ናችሁ» አለ። «በሦስተኛው ሳምንት የሬጅመንቱ በዓል እራት አለ፣ ጄኔራሉ ይመጣሉ። እስከዚያ ድረስ የሌባውን ስም ያምጡልኝ። ካልሆነ ባርካትን ለፖሊስ እሰጠዋለሁ፣ ቤቱንም ያስረክባል።»

ሻምበሉ ሁለት ሰዎች ሲል ቻቻ መህርዲን የሰሙት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ባርካት ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሯቸው ሠርቷል። እሱ በሙቅ ውኃ ያጥባል፣ በጠመኔ ዱቄት አንዴ ያሸዋል። የመጨረሻውን ውልወላ ግን ቻቻ መህርዲን በር ዘግተው ለብቻቸው ያደርጉታል። ከትምባሆ ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ነገር ቆንጠር አድርገው፣ ያለ ጨርቅ፣ በባዶ አውራ ጣታቸው፣ በየቀኑ። በቆርቆሮው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ለማንም አይነግሩም፤ ሌላ ክበብ ይሰርቀኛል ብለው ይፈራሉ። በጦር ሰፈሩ እንደኛ የሚያበራ ብር እንደሌለ ሁሉም ይናገራል።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ባርካትን በዓይናቸው ይከተሉት ጀመር። ሲያጥብ ከኋላው ይቆማሉ። ሲወጣ አረማመዱን ያዳምጣሉ። አንድ ቀን አባቴ ዘንድ መጥተው ቀይ ክር ለመኑ፤ በስድስት ሹካዎች ጥርስ ሥር አሰሩትና የሚለወጠውን ሊይዙ ጠበቁ። በማግስቱ ባርካት ስድስቱንም ክር ፈቶ፣ ጠቅልሎ፣ በመዳፋቸው ላይ አኖረላቸው።

«ቻቻ፣ ሹካዎቹን ከቡዳ ዓይን ነው የጠበቋቸው?»

«አንተ ሥራህን ሥራ።»

«በክር እኮ ይጠቁራሉ።»

ሌላ ቀን የምሳ ዕቃውን እፊቱ ከፈቱት።

«ምን አለበት?»

«ምስር።»

«ከሥሩስ?»

«ሌላ ምስር። ቻቻ፣ እርቦዎት ከሆነ ይንገሩኝ፣ ሻኪላ ጨምራ ትሠራለች።»

ይቀልድ ነበር፣ ነገር ግን ሰምቷል። ክበቡ ውስጥ የሚነገር ነገር ከምሳ በፊት ረድፉ ጋ ይደርሳል። ሚስቱ ሻኪላ እናቴ ዘንድ መጥታ፣ ሊጡ ላይ ዓይኗን ተክላ፣ «የኛ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ ስሙን ይጠይቁታል፤ ስሙን ሲሰሙ ጥያቄው ያልቃል» አለች። ሦስት ሴቶች ልጆች አሏቸው። ትልቋ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። እናቴ የሮቲ ቂጣ ጠቅልላ ሰጠቻት።

ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ቻቻ መህርዲን የያዙት ነገር የለም። እሁድ ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ባርካት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ሲል፣ ሻምበሉ የሁሉም ሠራተኛ ኮት እንዲፈተሽ አዘዘ። ፍተሻውን የጠየቁት ቻቻ መህርዲን ናቸው። በረንዳው ላይ የባርካት ኪስ ተገለበጠ፤ መሐረብ፣ ሁለት ፍሬ ኦቾሎኒ፣ የመዝሙር ወረቀት።

«የውስጡን ኪስ» አሉ ቻቻ መህርዲን።

የውስጡም ባዶ ነበር። ባርካት ኦቾሎኒውን መልሶ ኪሱ ከተተና ሄደ። ቻቻ መህርዲን ዕቃ እንደጠፋበት ሰው እዚያው ቆመው ቀሩ።

ከጸሎት በኋላ ተከተሉት። ባርካት ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ወደ ሳዳር ገበያ ገባ፣ በአንጥረኞቹ መንገድ ታጥፎ ወደ ብር አንጥረኛው ሚስትሪ ጉልዛር ሱቅ ዘለቀ። ቻቻ መህርዲን ከሸንኮራ ሻጩ ጋሪ ጀርባ ቆሙ። ባርካት ሲወጣ ትንሽ ነገር በወረቀት እየጠቀለለ ነበር። በዚያች ሰዓት የተሰማቸው ደስታ ነው ብለውኛል፤ እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲያ እንዳይመጣባቸው ይጸልያሉ።

ሰኞ አንድ ሹካ በእጅጌያቸው ደብቀው ጉልዛር ሱቅ ሄዱ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ብሩን ከክበቡ ያወጣ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

ጉልዛር ዕድሜው ከሳቸው የሚስተካከል፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ሰው ነው።

«ትናንት ያ ክርስቲያን ምን ይዞልህ መጣ?»

«የልጁን የጆሮ ጌጥ። መንጠቆው ተሰብሮበት። ምነው፣ ያንተም ጆሮ ተበሳ?»

ቻቻ መህርዲን ሹካውን አወጡ። «ይህንን የሠራኸው አንተ ነህ?»

ጉልዛር ሹካውን ተቀብሎ ገለባበጠው። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ቆየ።

«ይህን መሥራት ብችል ኖሮ መንጠቆ ስጠግን አልውልም ነበር። ሚያን፣ ይሄ የጥንት ብር ነው። ከአያቴ ይበልጣል።»

«ታዲያ ለምን ቀለለ?»

«ተበልቷላ።»

«ማን በላው?»

«ና እይ። ፍየሉ ጢሙን ተላጭቷል። ጭረቶቹን ደግሞ እያቸው፣ ከፀጉር ይቀጥናሉ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ነው የሚሄዱት። የሚወለውለው ሰው የሚሠራው በቀኝ እጁ ነው። በአውራ ጣቱ እዚህ ጋ ይጫናል። በጠመኔ አይደለም፤ በጡብ ነው። ጡብ ለናስ የልብስ ቁልፍ ይሆናል። ለብር ግን ሞረድ ነው።»

ባርካት ግራኝ ነው። ሲጽፍም፣ ሲያጥብም፣ ሲያሻም በግራው ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

«እስቲ ጣትህን» አለ ጉልዛር።

ቻቻ መህርዲን ሰጡት። ጉልዛር በአጉሊው አየው። የጣት መስመር የሚባል ነገር አልነበረውም፤ እንደ ወንዝ ጠጠር ልሙጥ ነበር።

«የደመወዝ ወረቀት ላይ ስታትም ምን ይወጣል?»

«ጸሐፊው ሁልጊዜ እንደገና አትም ይለኛል።»

ጉልዛር ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም ይላሉ፣ ግን ሳቀ። «አምስቱን ቶላ ከየደርዘኑ በእጅህ ታጥበህ አፍስሰኸዋል፣ ሚያን። የቱ ቱቦ ውስጥ እንዳለ አላህ ይወቅ።»

ነገሩ የተጀመረው ከሕንድ ጋር ጦርነት በነበረበት ዓመት ነው። ከውጭ የሚመጣው የብር መወልወያ ዱቄት ጠፋ። ቻቻ መህርዲን ወታደር ሳሉ የመኮንን አገልጋይ ሆነው የቀበቶ ዘለበትና የናስ ቁልፍ በጡብ ዱቄት ይወለውሉ ነበር። ያንኑ ጡብ ወቅጠው፣ በኻላ ሱግራን ነጠላ ሁለት ጊዜ ነፍተው፣ ብሩን አሹበት። የዚያን ዘመን ኮሎኔል ሹካውን ፊቱ ላይ አቅርቦ «መህርዲን፣ በዚህ እያየሁ ጢሜን መላጨት እችላለሁ» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ዱቄቱ ከውጭ ቢመጣም አልነኩትም። ሃያ ሁለት ዓመት በየቀኑ ያንን ቃል መልሰው ለመስማት ሲሉ ብሩን በጡብ አሹት። በር ዘግተው ባይሠሩ ኖሮ አንድ ሰው አይቶ በነገራቸው ነበር። ባርካት አይቶ በነገራቸው ነበር።

ከጉልዛር ሱቅ ሲመለሱ እራቱ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሁለቱን ቀን ዝም አሉ። ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ሹካውን መለሱ፣ ቆጠሩ፣ ሰባ ሁለት አሉ። ባርካት ያጥባል፣ እሳቸው በሩን ዘግተው ይቀመጣሉ፤ ብቻ አላሹም። ምንም ባይናገሩ ሐሙስ ዕለት ባርካት ይሄዳል፣ የሳቸው ስም ግን እንደነበረ ይቆያል። ይህን ደጋግመው አስበውታል።

ረቡዕ ጠዋት ከደጃቸው ሆነው ሻኪላን አዩዋት። ድስቶቿን አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጋ በአንሶላ ታስር ነበር። ፖሊስ ሳይመጣ፣ ሳትባረር፣ ዕቃዋን ልታሸሽ። ትንሿ ልጅ በአንሶላው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አላስቋጥር አለቻት። ሻኪላ አልተቆጣቻትም፤ እስክትነሣ ጠበቀቻት።

ቻቻ መህርዲን ገብተው የበዓል ጥምጥማቸውን አደረጉ። የትምባሆ ቆርቆሮውን ይዘው ሻምበሉ ቢሮ ሄዱ።

«ሌባውን አመጣሁ ሳሂብ» ብለው ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ሻምበሉ ከፍቶ አሸተተው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ጡብ ነው። ከአሮጌው ፈረስ ጋጥ ግድግዳ። ሹካዎቹ አልተለወጡም ሳሂብ። እኔ ነኝ የጨረስኳቸው።»

«ባባ፣ ሰው ለማዳን ብለው ከሆነ…»

«ሳሂብ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ነው እዚህ ያለሁት። አንድ ሰው ሳዳን ያየኝ ካለ ይጥሩት።»

ሻምበሉ ቆንጠር አደረገና አንዱን ሹካ በመሐረቡ አሸው። መሐረቡ ጠቆረ። ገልጦ አየው፣ በሌላ በኩል አሸው፣ ያም ጠቆረ።

«ጥቁሩ ብሩ ነው» አሉ ቻቻ መህርዲን።

«በሳምንት ስንት ጊዜ ነው ይህን የሚያደርጉት?»

«በየቀኑ ነው ሳሂብ። በበዓል ሁለቴ።»

ሻምበሉ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ሊከተው ሲል ተወው፤ መዝገቡ ውስጥ አኖረው። ዛሬም እዚያው ነው ይባላል። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ ቻቻ መህርዲን ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ። በዚያው ቀን ቁልፉ ለባርካት ተሰጠ፣ ሻኪላም ድስቶቿን ፈታች። በእራቱ ላይ ጄኔራሉ ሹካውን ከፍ አድርገው ሲያዩት ሻምበሉ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ነበር አሉ። ጄኔራሉ «እንደኛ ብር የትም የለም» አሉ። ቻቻ መህርዲን ትሪያቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ሰሙ። በወሩ ጡረታ ወጡ፤ ቤቱን ግን አልነሷቸውም።

አሁን ብሩ የሚወለወለው በጠመኔ ብቻ ነው። ትንሽ ደብዘዝ ብሏል፤ አሮጌዎቹ መኮንኖች ያጉረመርማሉ፣ ቻቻ መህርዲንም ከነሱ ጋር ያጉረመርማሉ። ቀን ቀን ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ምሳቸውን የባርካት መካከለኛ ልጅ ታመጣላቸዋለች፤ ሻኪላ ናት የምትልከው። ክዳኑን ከፍተው ያያሉ፣ በሮቲ ጫፍ ገፋ አድርገው ከምስሩ ሥር ያያሉ፣ ከዚያ ይበላሉ። ልጅቷ ለምዳዋለች። «ሌላ ምስር ነው ቻቻ» ትላቸዋለች።

ሕይወታቸውን ልጽፍ መሆኔን ስነግራቸው ረጅም ጊዜ አዩኝ። ማን ላከሽ አሉ። ማንም አልላከኝም አልኩ። ማን ይከፍልሻል አሉ። ማንም አልኩ። ይህ ይበልጥ አጠራጠራቸው። በስተመጨረሻ ግን ከአንድ የብርድ ወር በላይ፣ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ፣ ነገሩኝ።

«ጡቡን ጻፊው» አሉ። «ጉልዛር የሳቀብኝንም ጻፊው። ሁለቱን ቀን ዝም ማለቴንም ጻፊው። የሻይ ማንኪያዋን ግን ተያት።»

«እሷን ከተውኳት ውሸት ይሆናል ቻቻ።»

«እንግዲያው መጨረሻ ላይ አድርጊያት» አሉ። «እዚያ ድረስ የሚያነብ ሰው የለም።»

ከፍተሻው በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ባርካት ወደ ቧንቧው ሲወጣ፣ ቻቻ መህርዲን ከሣጥኑ አንዲት የሻይ ማንኪያ አውጥተው ሚስማር ላይ የተሰቀለው ኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቷት። ሌባ መሆኑን እርግጠኛ ነበሩ፤ የጎደላቸው የሚያሳዩት ነገር ብቻ ነው። እሁድ ኪሱ ባዶ ሆነ። ከቁርስ የታጠቡትን ማንኪያዎች ሲቆጥሩ ሃያ ሦስት መሆን ሲገባቸው ሃያ አራት ሆኑ። በሕይወታቸው ልክ የሆነ ቁጥር ያስፈራቸው ያኔ ብቻ ነው። ባርካት አንድ ቃል አልተናገረም፤ እስከ ዛሬም አልተናገረም። ምናልባት ሳያያት ከሌሎቹ ጋር ወድቃ ይሆናል፣ ምናልባት ሌላ ሰው አውጥቷት ይሆናል እያሉ ራሳቸውን ያጽናናሉ። ባርካት በደጃቸው ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያጠናሉ።

«ያውቅ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ።

አላውቅም አልኳቸው።

በዚያ እሁድ አመሻሽ ላይ ግን እኔ ቤት ነበርኩ። ባርካት ኮቱን በክንዱ ላይ አጥፎ መጣና ከአባቴ የስፌት መኪና አጠገብ ቆመ። አባቴ ኮቱን ተቀብሎ ገለባበጠው።

«ምኑ ጋ ነው የተቀደደው?»

«አልተቀደደም ማስተር-ጂ። ኪሶቹን ይስፉልኝ።»

«እንድዘጋቸው ነው የምትለኝ?»

«አዎ።»

«የትኞቹን?»

«ሁሉንም» አለ ባርካት። «የውስጡንም።»